የ«ራን» አርባ አንድ ካርዶች

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ላይ አርባ አንድ ካርዶች ነበሩ፣ የሻይ ብርጭቆዬ ያረፈበትን ጨምሮ። ሁሉም «ራን» (run) ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ናቸው። በየካርዱ አንድ ፍቺ፣ ከሥሩ የሁለት ምስክር ፊርማ። የመዝገበ ቃላታችን ሕግ ነው፤ ነገሩ ሲሆን ሁለት ሰው በዐይኑ ካላየ ፍቺው አይታተምም። ሠላሳ ሰባቱ ተፈርመዋል፣ አራት ይቀራሉ ብዬ በማስታወሻዬ ጽፌአለሁ። የማተሚያ ቤቱ መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። አንድ ፊርማ ከጎደለ ቃሉ በሙሉ ለሚቀጥለው እትም ያድራል። የሚቀጥለው እትም ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ ጡረታ የምወጣው በወሩ መጨረሻ። ሰባት ወር ለፍቼበታለሁ።

«ቀለም ሲለቅ» ብላ አነበበች ጸሐፊዋ። ቀይ ሻሿን ከአለቃችን ነጭ መሐረብ ጋር ሳፋ ውስጥ ነከረችው። በአራት ደቂቃ መሐረቡ ጽጌረዳ መሰለ።

«እግዜር ይይልሽ!» አሉ አለቃችን፤ ግን ፈረሙ።

«አፍንጫ ሲፈስ» የእኔ ዕጣ ሆነ። ሁለት ሽንኩርት ከትፌ አጎነበስኩበት።

«ጋሼ፣ ቀና ይበሉ እንጂ፣ አልታየኝም» ትለኛለች ጸሐፊዋ፣ ሳቅ እያነቃት። ሁለቱም ፈረሙ።

«ስቶኪንግ ሲተረተር።» ጸሐፊዋ እግሯን መሳቢያው ላይ ወዳለው ምስማር አስጠጋች። ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተተርትሮ ወረደ።

«አዲስ ነበር እኮ!»

«ለቋንቋ ተሰዋ በይው» አልኳትና ፈረምኩ።

አራተኛው «መሥሪያ ቤት መምራት» ይላል። ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ አለቃችን ዞረች። «እትዬ፣ ይሄን እንኳ በዐይኔ አይቼ አላውቅም።»

አለቃችን ብድግ አሉ። «አንቺ ምላሰኛ፣ ያን ሳፋ ድፊ! አንተ፣ ሽንኩርትህን አንሳ! መስኮቱ ይከፈት!»

እየተንከተከትን ታዘዝን፤ ከዚያ ፈረምን።

ስድስት ሰዓት ላይ ሾፌሩ የካርዶቹን ጥቅል ተቀብሎ ወረደ። ጠረጴዛዬን ላጸዳ ብርጭቆዬን አነሳሁ። ከሥሩ አንደኛው ካርድ፦ «በእግር መሮጥ።» ፊርማ የለውም። ማን የማያውቀው ነው ብዬ፣ ከተፈረሙት ቆጥሬው ሰባት ወር ሙሉ ሻይ አስቀምጬበታለሁ።

«እትዬ፣ አለቀልኝ!» ካርዱን አሳየኋቸው። ከታች ሞተር ተነሣ።

አለቃችን በሃያ ዓመት ውስጥ ለዝናብ እንኳ እርምጃ ጨምረው አያውቁም። ጫማቸውን በሩ ላይ ጥለው ወጡ። በመስኮት ስናይ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው፣ «ቁም! አንተ ሰውዬ፣ ቁም!» እያሉ በመንገዱ መሐል ይበራሉ።

ጸሐፊዋ ክንዴን ጨመደደችው። «ጋሼ፣ ሮጡ! እትዬ ሮጡ!»

«ምን ትጮሂያለሽ፣ ፈርሚ!»

ፈርመን ካርዱን ይዤ ወረድኩ። አለቃችን የመኪናውን በር ይዘው ያለከልካሉ፣ ይስቃሉም።

በማግስቱ በሜትር ለካሁት። ከበሩ እስከ መኪናው ስልሳ አራት ሜትር ነው፤ በእኔ ሰዓት ሃያ ሁለት ሰከንድ ፈጅቶባቸዋል። ቃሉ አርባ አንዱንም ፍቺ ይዞ ታተመ፤ ሦስት ገጽ ከሩብ ሞላ።