ያልተሠራ ዕቃ አይወጣም

"ቀስ! ቀስ በዪ እንጂ! ቆርቆሮ እየገነጠልሽ ነው እንዴ?" አለ ወንድሟ።

ሬዲዮ ጠጋኟ ካቻቢቴዋን እንደያዘች ቀና አለች። ቤዝ ጊታሩ የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ተንጋሎ፣ ክሮቹ ወልቀው፣ ሆዱ ተከፍቷል። ሁለቱ አሮጌ ፒክአፖች፣ ከክሮቹ ሥር ተቀምጠው ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ማግኔቶች፣ በቀጫጭን ሽቦዎቻቸው ተንጠልጥለው ወጥተዋል።

"ጋሼ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ። አናቴ ላይ አትተንፍስብኝ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ልምምድ አለኝ እኮ።"

"ነግረኸኛል። ስድስት ጊዜ።"

"ሰባተኛ ልንገርሽ። ዛሬ ነው የሚወስኑት። ወይ እኔ ወይ ያ አዲሱ ቤዝ ተጫዋች ጎረምሳ።"

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ባንድ ውስጥ አንድ ቦታ ቆሞ ተጫውቷል፤ ከከበሮ መቺው በስተቀኝ፣ ግራ ጆሮው ሲምባል ከሚባለው የነሐስ ሳህን ሥር። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ሞክሮም አያውቅም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የባንዱ መሪ "ቤዝህ ይወጋል፣ ዘፋኟን ጆሮዋን በሳሃት እኮ" እያለ ያማርራል። ለእሱ የሚሰማው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቤዙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስለዋል። ስለዚህ ነገሩን ራሱ መረመረና ራሱ ፈረደ፤ ማግኔት ሲያረጅ አንዴ ይታፈናል፣ አንዴ ይጮሃል አለ። ይህን ከማን እንደሰማው የሚያውቅ የለም። አዲሶቹን ከባሕር ማዶ አዝዞ፣ እስኪደርሱ ሦስት ወር እንደ እርጉዝ ሚስት ቀን ሲቆጥር ከረመ።

እሷ ከመቀየሯ በፊት አሮጌዎቹን በቴስተር ለካች። ደግማ ለካች።

"ጋሼ፣ እነዚህ ምንም አልሆኑም። ሽቦአቸው አልተቆረጠም፣ ልኬታቸውም ደህና ነው።"

"ቴስተር ሙዚቃ ይሰማል እንዴ?"

"አይሰማም። አይዋሽም ግን።"

"ኢንጂነር፣ ቀይሪ ተብለሻል፣ ቀይሪ!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለች በሆዷ፤ መበየጃውንም ሰካች። እስኪግል ድረስ ዓይኗ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ አረፈ። አባቷ በቀይ ቀለም የጻፉት ነው፤ "ያልተሠራ ዕቃ አይወጣም"። ሱቁን የወረሰችው ከነሕጉ ነው። እምቢ ያላትን ሬዲዮ ሁለት ወር ሦስት ወር መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች እንጂ "አልቻልኩም" ብላ መልሳ አታውቅም። ሰፈሩ በዚህ ያሾፍባታል፣ በዚሁ ደግሞ ያምናታል።

አሮጌውን ብየዳ አቅልጣ አነሳች። አዲሶቹን ቦታቸው አስገባች፣ ሽቦአቸውን አገናኘች፣ በየብየዳው ላይ እፍ እያለች አቀዘቀዘች። ብሎኖቹን አጥብቃ ክሮቹን መለሰች። ሥራ ሲቀናት ደስ ይላታል፤ ይህም አምሮላት ነበር። የቀረው ጊታሩን መወልወል ብቻ ነው።

ጨርቁ ማንገቻው የሚንጠለጠልበት የላይኛው ቀንድ ላይ ሲደርስ ያዝ አደረጋት። ቀለሙ ተልጧል። እንጨቱ ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች፣ ከላይ አራት፣ ከታች ሦስት። በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። የጥርስ ምልክት ነው።

መሳቢያዋ ውስጥ የአባቷ ካቻቢቴ አለ። የእንጨት እጀታው እንዲሁ የተነከሰ ነው። አባባ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የካቻቢቴውን ጫፍ ስፒከሩ ላይ ያሳርፉና እጀታውን በጥርሳቸው ነክሰው ያዳምጡ ነበር። ጆሮ የማያደርሰውን አጥንት ያደርሳል። ሰው ቁልፉ የወለቀ ሬዲዮ ሲያመጣላቸው "ድምፁ ሞቷል" ብለው ደህናውን ስፒከር ይቀይሩበታል። ደንበኛው ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል፣ አይመለስም። ልጆቻቸው ጨዋ ነበሩ፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ። አባባ ሳይነገራቸው ሞቱ።

"ምን ያፈዝዝሻል? ስጪኝ!" አለ ወንድሟ። ጊታሩን ነጥቆ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካና አንዱን ክር መታ።

ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ከመጥራትም አልፎ ወጋ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች በጣሳቸው ውስጥ ተንጫጩ። እሱ ፊቱን ወደ አምፕሊፋየሩ አዙሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የጊታሩን የድምፅ ቁልፍ ወደ መጨረሻው ጠመዘዘው።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዟል። "ኧረ ባካችሁ! መርፌው እጄ ላይ ተሰካ እኮ!"

ሬዲዮ ጠጋኟ በእጇ ይቅርታ ጠየቀችውና ሸኘችው። ወንድሟ መምጣቱንም መሄዱንም አላወቀም።

"ያው ነው" አለ ሳይዞር። "ታፍኗል። ሽቦውን አገላብጠሽው ይሆን?"

"ጋሼ" አለች ከጀርባው፣ በተለመደው ድምፅዋ። "ጆሮህ ነው።"

እሱ ክሩን ደግሞ መታ።

"ጆሮህ ነው፣ ጋሼ።"

አልሰማም። እሷም ተናግራ ያልተናገረች ሆና ቆመች። እሱ ጎንበስ ብሎ የጊታሩን ቀንድ ነከሰና መታ። ዓይኖቹ ተከፈቱ። "ይኸው!" አለ፣ እንጨቱን ከጥርሱ እያላቀቀ። "ይኸው ጠራ! አላልኩሽም?" ቀና ብሎ ደግሞ መታ። ነከሰና መታ። ቀና ብሎ መታ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። መሳቢያውን ከፍታ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። የማን እንደሆነ አልጠየቃትም።

"ቅድም ማን ነበር በሩ ላይ? ጥላ አይቻለሁ።"

"ልብስ ሰፊው። ጆሮውን ይዞ መጣ።"

"ይጮሃል?"

"በጣም።"

"እኔ እኮ ..." አለና ተወው። የካቻቢቴውን እጀታ በጣቱ አሻሸው። "አባባን ያኔ ለምን አልነገርናቸውም?"

"እንዳይከፋቸው።"

"ያውቁ ነበር፣ እቱ። ሰው ደህና ካቻቢቴ ዝም ብሎ አይነክስም።"

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ይላል። ወንድሟ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ የባንዱን መሪ ቁጥር ፈለገና ዘረጋላት።

"ደውዪለት። እኔ ስልክ ላይ የሚባለው አይገባኝም። እሺ እሺ እያልኩ ነው ስዘጋው የከረምኩት።"

"ምን ልበለው?"

"ጊታሩ አልተሠራም በዪው።" ዓይኑ ወደ ሰሌዳው ሄዶ ተመለሰ። "አፈር ስሆን። ሌላ የምለው የለኝም።"

ሰሌዳውን አላየችም። ደወለች።

"የት ደረሰ?" አለ የባንዱ መሪ።

"እህቱ ነኝ። የጊታሩን ፒክአፕ ቀይሬለት ነበር፣ እኔው አበላሸሁት። አልቻልኩበትም።"

"ውይ። እሺ ... ችግር የለም፣ ችግር የለም።"

ከድምፁ በስተጀርባ ሌላ ቤዝ ይጫወታል። አይቸኩልም፣ አይወጋም፤ የራሱ ቤት እንደገባ ሰው ዘና ብሎ ይሄዳል። ልምምዱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ይቀረው ነበር። ስልኩን ዘጋች።

"ምን አለ?"

አፏን እንዲያየው ቀና አለች። "ችግር የለም አለ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ራሱን ነቀነቀ። ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹን አንድ በአንድ ያላላ ጀመር። ክር የሚላላው ጊታር ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ነው፤ እሱ ሃያ ስድስት ዓመት ይህን አድርጎ አያውቅም። ወፍራሙ ክር እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ እንጨቱን ሲነካ እሷ ሰማችው። ሲጨርስ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው፤ ነገር ግን በትከሻው አላንጠለጠለውም። ጥገና የሚጠብቁ ዕቃዎች ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ወሰደው።

"አይወጣም አይደል ሕጉ?" አለ።

ሁለት ሬዲዮ ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችው።