አራት ምት የበቃው መሬት

አራት፣ አራት ምት ብቻ፣ መዶሻው አራቴ ይወድቃል ዘንጉም ሠላሳ ሳንቲም ይሰምጣል፣ ደህና መሬት ቢሆን ሠላሳ ምትም አይበቃው፣ ይሄ ገንፎ ነው፣ ውሃውም ሜትር ተኩል ሳንደርስ መጥቷል፣ ልል አሸዋ፣ ውሃ የጠገበ፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ቤት የሚውጥ። ደስ ይለኛል። ምን ዓይነት ሰው ነህ መርሻ፣ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ቤት አፈር ስትመረምር እንዲህ ደስ ብሎህ ያውቃል?

ታዬ ከኋላዬ ቆሟል፣ እንዴት ነው ኢንጂነር፣ ሳሎኑ እዚህ ጋ ነው፣ እጮኛዬ ትሁን ባሕር የሚያይ መስኮት ትፈልጋለች ይለኛል፣ ትፈልጋለች፣ የምትፈልገውን ለኔ ይነግረኛል፣ ካርቲየ 4 ሰፈር ምግብ ቤቷ ስድስት ዓመት ምሳ ለበላሁት፣ ደም ግፊቴን አውቃ ጨው ለምትቀንስልኝ፣ ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ፣ ስል ይሄ የከባድ መኪና ሹፌር ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደብ ሦስቴ ጭነት አመላለሰና ቀለበት አሰረላት። ሦስቴ! ሳቁ ደግሞ ያምራል፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥሩ ነው ልበለው? ይሥሩና መሬቱ የራሱን ያድርግ፣ ግን እሷም እዚያው ናት የምትተኛው፣ እሷም። ብናገር ቀንቶ ነው ይላሉ፣ እውነትም ቀንቻለሁ፣ አራት ምት ግን አራት ምት ነው።

ታዬ፣ እዚህ ቤት አይሠራም። እንዴ፣ ምነው? መሬቱ ይከዳችኋል። ታዬ ቀስ ብሎ፣ መርሻ፣ ትሁንን እንደምትወዳት ሰምቻለሁ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ፊቴ ይነዳል፣ እሷም ይኸው ጥላዋን ይዛ እየመጣች ነው፣ ምን ሆናችኋል ትላለች።

ባልዲ። ከጉድጓዱ እርጥቡን አሸዋ እሞላለሁ፣ የብሎኬት ስባሪ አቆምበታለሁ፣ ይኸው ቤታችሁ፣ ቆሟል አይደል፣ የባልዲውን ጎን በመዶሻ መታ፣ መታ፣ መታ አደርጋለሁ፣ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ስባሪው ይዘማል፣ ይሰምጣል፣ የለም።

ትሁን አፏን ትይዛለች፣ በሌላው እጇ የታዬን እጅ፣ ባልዲውን የመታሁት እኔ፣ የተያዘው የሱ እጅ። ታዬ አንገቱን ደፍቷል፣ ይቅርታ ወንድሜ ይለኛል፣ ወንድሜ አትበለኝ።

መርሻዬ ትለኛለች፣ መርሻዬ! እባክህ ሌላ ቦታ ፈልግልን።

ልን። ፈልግልኝ ብትል ምን ነበረበት፣ ልን፣ እሱ አለበት፣ እኔ የለሁበትም፣ እሺ ትሁን፣ እላታለሁ፣ ድምፄ እንዴት ደህና ሆኖ እንደወጣ እንጃ፣ ነገ ከፍታው ላይ ባልባላ ሰፈር እወጣለሁ፣ ዓለት ያለበት፣ ለሁለታችሁ።