ሃያ አራት ጠጠር

«አርሴማን፣ እናትሽ ትምህርት ተመልሳ ገባች ብያታለሁ» አለች ማናለሽ፣ የንፍሮውን ሰፌድ ለወንድሟ እያቀረበች። «አንተም ስትጠየቅ እንደዚያው በል። ቃላችን አንድ ይሁን።»

ቀለሙ ንፍሮውን አልነካም። የእድሩ ድንኳን በሰው ሞልቷል። ልጁን ትርሲትን ከቀበረ ማግስቱ ነው። ቅዳሜ ከሞጣ ወደ ቢቸና ስትመጣ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ፤ እሑድ ተቀበረች። የሰባት ዓመት ልጇን አርሴማን፣ ወሬው እንደተሰማ ጎረቤታቸው ውበቴ ቤት ወስደዋታል። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ የለቅሶውን ደጅ አልረገጠችም።

«አመነችሽ?» አለ ቀለሙ።

«ለምን አታምን? ሁለት ዓመት ሄዳ የለ?» ማናለሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አርባዋ ይለፍ፣ አያ። ልጅ አይደለች? ትረሳለች።»

ቀለሙ በአገሩ የታወቀ መርዶ ነጋሪ ነው። ሰው ሞቶ ዘመድ ሳይሰማ ሲቀር፣ ማልዶ መርዶ እንዲነግር የሚጠራው እሱ ነው። እስከ ደጀን፣ እስከ የጥኖራ ተወስዶ ነግሯል። ሌላው «ትንሽ አሞት ነበር» እያለ ሰው ሲያሰቃይ፣ እሱ ያስቀምጣል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ሞተ ይላል። ሥርዓት አጥባቂ ነው። ለቅሶ ላይ ካህን ሲገባ ጉልበቱ እየታመመም ይነሣል፤ ያልተነሣውን ጎልማሳ በዓይኑ ያስነሣል።

ለልጅ ግን መርዶ ነግሮ አያውቅም። ለልጅ መርዶ አይነገርም፤ አገሩ የኖረው እንደዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ የትርሲት የሥራ ባልደረቦች ከሞጣ ሆስፒታል መጡ። ከመካከላቸው ሰብለ ወንጌል የምትባለው ነርስ ብዙ አለቀሰች። ስትረጋጋ ከቀለሙ ጎን ተቀመጠች።

ጎረቤቱ ገብረ ሕይወት ከማዶ አግዳሚ ላይ አጠገቡ ላለው ሰው አንሾካሾከ። የገብረ ሕይወት ሹክሹክታ ድንኳኑን ይሞላል።

«ነፍሷን ይማርና፣ ያን ሁሉ ተምራ መጥታ ከልጆች ጋር ጭቃ ስታቦካ ነበር አሉ። እኛ ያለ ዲግሪ አቡክተን አደግን።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ።

«እውነት ነው፣ ጋሼ» አለች ሰብለ ወንጌል። «ታቦካ ነበር። አፉ የማይናገር ልጅ በእጁ ይናገራል ትለን ነበር። አንድ ልጅ አመጡላት፤ ሰባት ወር ከሰው አልተነጋገረም። ጭቃ ሰጠችው። የሬሳ ሣጥን ሠራ።»

«ወይ ጉድ» አለ ገብረ ሕይወት።

«አባቱ ሞቶ ነበር። ሱዳን ሄዷል ብለውታል። እሱ ቀብሩን በአጥር ቀዳዳ አይቷል። የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው ዝም ያለው።»

ሰብለ ወንጌል ወደ ቀለሙ ዞረች።

«አባባ፣ እኛን ያስተማረችን በእርስዎ ቃል ነው። አስቀምጡ፣ ስሙን ጥሩ፣ ሞተ በሉ፣ ሄደ ወይም ተኛ አትበሉ። ከአባቴ ያገኘሁት ነው ትል ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏም ላይ አለ።» ድንኳኑን ዙሪያውን አየች። «አርሴማስ? ማን ነገራት?»

ማናለሽ መለሰችላት።

«ትምህርታችሁን ለሞጣ ልጆች አድርጉት፣ እቴ። የእኛን ለእኛ ተዉልን።»

ቀለሙ መሬት መሬት ያይ ነበር። አምና ትርሲት ደብተር ይዛ ከፊቱ የተቀመጠችበትን ቀን ያስባል። ነርስነቷ ላይ የልጆች አእምሮ ጤና የሚባል ሁለተኛ ዲግሪ ልትጨምር አዲስ አበባ ገብታ፣ ትምህርቱ ሊያልቅ ጥቂት ወር ቀርቷት ነበር።

«አባባ፣ መርዶ ሲነግሩ መጀመሪያ ምን ይላሉ?»

«ተቀመጡ እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ስሙን እጠራለሁ። ሞተ እላለሁ። ሌላ አልጨምርም።»

ጻፈች። ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጅ ነበርሽ።»

እሱንም ጻፈችው።

እናቷ ይርጋነሽ ለሕክምና ሞጣ ሄዳ ስትሞት ትርሲት ሰባት ዓመቷ ነበር። «ሞጣ ጸበል ገብታለች» አላት ቀለሙ። የሰው ሞት ከአፉ ይወጣል፤ የይርጋነሽ አልወጣም። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመናኸሪያው በኩል እየዞረች የሞጣን አውቶቡስ ትጠብቅ ጀመር። ማታ ከራቷ ግማሹን ለእናቷ ብላ ታስቀምጣለች። ይህ ሁለት ዓመት ሄደ። አንድ ቀን መናኸሪያ ዳቦ የምትሸጥ ሴት ለጓደኛዋ «ያቺ የሟቿ ልጅ ዛሬም መጣች» ስትል ሰማች። ቤት ገባች፣ ምንም አልተናገረችም። የዚያን ዕለት ራቷን እስከ መጨረሻው ጠርጋ በላች። ቀለሙ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አይቷል። እንዳወቀች አወቀ። እሱም ምንም አልተናገረም።

በሠልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ውበቴ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«አያ ቀለሙ፣ ልጅቱ ጠጠር እየለቀመች ነው። ስንት ልልቀም እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?»

ቀለሙ ባለበት ቆመ። ጠጠሩን ያውቀዋል። ትርሲት ለትምህርት ስትሄድ ልጇን ለእሱ ትታ፣ በወተት ጣሳ ሃያ አራት ጠጠር ቆጥራ ሰጥታት ነበር። ለልጅ ሁለት ዓመት ብትነግረው አይገባውም፤ ጠጠር ግን ይገባዋል ትል ነበር። በየወሩ መጥታ አንዱን ከልጇ ጋር ከአጥር ውጭ ይወረውሩታል። ጣሳው ሲያልቅ ትርሲት ተመረቀች። ሞጣ ሥራ ጀምራ፣ አርሴማ የትምህርት ዓመቷን ቢቸና እስክትጨርስ በየቅዳሜው ትመጣ ነበር።

«እኔ እነግራታለሁ» አለ።

ማናለሽ ክንዱን ያዘችው። «አያ፣ ተው። ልጅቱን አትግደላት።»

«ይርጋነሽ ስትሞትም እንዲሁ ብለሽኛል» አለ። «ያኔም እሺ ብዬሻለሁ።»

ክንዱን ለቀቀችው።

አርሴማ ውበቴ ግቢ ውስጥ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ጣሳው በጭኗ መካከል ነው።

«አባባ፣ ሃያ አራት ለቅሜያለሁ። ይበቃል? ይኼኛው ትምህርት ይረዝማል?»

ቀለሙ ተቀመጡ ማለት ለምዷል። ልጅቱ ተቀምጣለች። የቆመው እሱ ነው። ጉልበቱን ይዞ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እናትሽ ትርሲት ሞተች» አለ።

ሌላ አልጨመረም። አርሴማ ፊቱን አየችው።

«እቴቴ ማናለሽ ትምህርት ቤት ናት አለች።»

«ዋሸች። እኔም ሰምቼ ዝም አልሁ።»

«መቼ ሞተች?»

«ቅዳሜ። አንቺን ልታይ ስትመጣ መኪናው ተገለበጠ።»

«ቅዳሜ ጠብቄያታለሁ» አለች አርሴማ። ወደ ጣሳው ጎንበስ አለች። «ስንት ጠጠር ነው ታዲያ?»

«ይኼ ጠጠር የለውም።»

አላለቀሰችም። ጣሳውን ነቀነቀችው፤ ተንኳኳ። ከዚያ አንድ አንድ እያወጣች ታቀብለው ጀመር። መጀመሪያ በመዳፉ ተቀበለ፤ መዳፉ ሲሞላ የጋቢውን ጫፍ ዘረጋላት። እየቆጠረች ነበር። ሃያ አንድ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ቀለሙ የቀሩትን ሦስቱን አልቆጠረላትም። ጠበቃት። እያለቀሰች ቆጥራ ጨረሰች።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ድንኳኑ ገቡ። ማናለሽ የልጅቱን ፊት አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሠልስቱን ልትውል ያደረችው ሰብለ ወንጌል ከተቀመጠችበት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች። አርሴማ ከአያቷ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ቀለሙ የጋቢውን ጫፍ ከነጠጠሩ ጭኑ ላይ ሰብስቦ ያዘ።

ጥቂት ቆይቶ የነፍስ አባቱ መስቀል ይዘው ገቡ። ድንኳኑ እንዳለ ብድግ አለ። ገብረ ሕይወት ቆሞ ወደ ቀለሙ አየ፤ ሌሎችም አዩ።

ቀለሙ አልተነሣም። ጋቢውን በሁለት እጁ እንደያዘ አንገቱን ብቻ አስግጎ፣ ከተቀመጠበት መስቀሉን ተሳለመ።