ከፏፏቴው በታች

ሠላሳ አንድ ዓመት ተራራና ወንዝ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነበር። ሰፈሩ «መንገደኛው» ይለዋል። ዘጠኝ መጻሕፍት አሳትሟል፤ የእሑዱ ጋዜጣ ላይም ቋሚ አምድ ነበረው። ወፉን በድምፁ፣ ዛፉን በልጡ ይለያል ይሉታል። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም የሚባለው እርስዎን ካነበብኩ ወዲህ ውሸት ሆነብኝ» ብሎ የጻፈለት አንባቢም ነበር።

እሱ በእግሩ ሲዞር ቤቱን ይዛ የኖረችው ሚስቱ ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ዶሮ የጫረው የሚመስለውን የእጅ ጽሑፉን ከእሷ በቀር የሚያነበው ስለሌለ፣ ዘጠኙንም መጻሕፍት የተየበችው እሷ ነበረች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ እያሉ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ወጣት ነው።

«የሸለቆውን መጽሐፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«እህቴ መጽሐፍዎን ይዛ ሄዳ ነበር። ቅዳሜ ወንዙ ወሰዳት። ትናንት ቀበርናት።»

መንገደኛው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ» አለ ልጁ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ከፏፏቴው በታች ያለው መሻገሪያ በበጋ ከጉልበት አያልፍም፣ ልጅ እንኳ ይሻገረዋል ይላል። አብረዋት የነበሩት ጓደኞቿ ሦስት እርምጃ ሳትራመድ ጠፋች ነው የሚሉት። አባቴ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው። ቦታው ነው የተለወጠው ወይስ መጽሐፉ ነው የተሳሳተው?»

«አጣርቼ እደውልልሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ልጁ ዘጋው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ልጁ ያለውን ሲነግራት ሚስቱ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ ገጹን አነበበችው። ከዚያ ደግማ አነበበችው።

«በላይ ነበር እንዴ ያልከው?» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን የተየብኩት እኮ እማዬ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነው። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ። እንቅልፍ እያዳፋኝ። እኔ እሆን እንዴ የተሳሳትኩት?»

«እንጃ» አላት።

ግን ያውቅ ነበር። ስልኩን ሳይዘጋ ነው ያወቀው።

ከአራት ዓመት በፊት ወደዚያ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙ ጋ ሳይደርስ ትኩሳት ጣለው። አንድ ማር ቆራጭ ቤቱ አስተኝቶ ሦስት ቀን አስታመመው። አልጋው ጫፍ ተቀምጦም መንገዱን ነገረው። «ከፏፏቴው በላይ ስትሻገር ከጉልበትህ አያልፍም። በታች ግን እንዳትሞክራት። ጉድጓድ አላት፣ ወለሉን ያገኘ ሰው የለም።» መንገደኛው ሁሉንም በማስታወሻው ላይ አሰፈረ፤ ከዚያም በበቅሎ ተጭኖ ተመለሰ። ወንዙን በዓይኑ አላየውም።

ቤቱ ገብቶ ሲጽፍ ግን ራሱን አሻገረ። መጀመሪያ በላይ በኩል ነበር ያሻገረው፤ ነገር ግን ከላይ ሆኖ ፏፏቴውን ማየት አይቻልም። ስለዚህ በታች አደረገው። ውሃው ጉልበቱ ላይ፣ ጉሙ ፊቱ ላይ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ያንን ነጭ ግድግዳ ሲመለከት። ያማረ አንቀጽ ወጣው። ሰዎች በቃላቸው ያዙት። ዓመት ሳይሞላው እሱም የተሻገረው መሰለው። ውሸትም እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ረቡዕ አሳታሚው ደወለ። «ጋሼ፣ ምንም እንዳይሉ። ወንዝ ነው፣ ይለወጣል። ደግሞ ማር ቆራጩን ፖሊስ ይዞታል። የመጽሐፉ መግቢያ ላይ ‹መንገዱን ሁሉ መርቶ ያሻገረኝ› ብለው አመስግነውት የለ? አሳስቶ የነገረዎት እሱ ነው እየተባለ ነው።»

መንገደኛው ለሚስቱ ይህንንም አልነገራት። እሷ ዕቃ ቤት ገብታ የአርባ ካርቶን ወረቀት እያገላበጠች ነበር። ሐሙስ ከሰዓት አንድ ገጽ ይዛ ወጣች፤ ፀጉሯ ላይ አቧራ አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «በላይ» የሚለው ተሰርዟል። ከአናቱ «በታች» ተብሎ ተጽፏል፣ በእሱ እጅ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከማክሰኞ ጀምረህ?»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«ሦስት ቀን እጄን ሳይ ነው የሰነበትኩት» አለች። «ሰው የገደልኩበት እጅ ነው ብዬ።»

አላለቀሰችም። ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

ዓርብ ዕለት ወረቀቱን ኪሱ ከቶ የልጅቱን አባት ፍለጋ ሄደ። አባትየው ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው የማይቆምባት ናት። ሽማግሌው ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ ወንበር ሰጠው። መጽሐፉ አጠገቡ ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ አብጧል።

«ተሻግረውታል?» አለው።

«አልተሻገርኩም።»

«አይተውታል?»

«አላየሁትም። ተነግሮኝ ነው። የተነገረኝንም ለውጬ ጻፍኩት።»

«ለምን?»

«እንዲያምር።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ሰዓት ይላሉ።

«ልጄ ዋና አትችልም» አለ ሽማግሌው። «እንዴት ብለሽ ነው ወንዝ የምትሻገሪው ስላት ያቺን ገጽ አነበበችልኝ። ልጅ እንኳ ይሻገረዋል ይላል አባዬ፣ አለችኝ። እኔም የተማረ ሰው የጻፈው ነው ብዬ ሂጂ አልኳት።» መነጽሩን በጨርቅ ጠረገ። «ይቅር አልልህም። ይቅርታ ፈልገህ ከሆነ የመጣኸው አትልፋ። ግን ሰውዬው ታስሯል አሉ። እሱን አስፈታ።»

ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ወረቀቱን አስረከበ፣ ቃሉንም ሰጠ። የእሑዱ አምድ ላይም የሆነውን እንዳለ ጻፈ፤ ወፍም ዛፍም የሌለበት፣ የአምዱን ግማሽ እንኳ የማይሞላ ጽሑፍ ነበር። አቃቤ ሕጉ እሱን የሚከስበት የሕግ አንቀጽ አጣ። ማር ቆራጩ ግን የተፈታው በታሰረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እስኪፈታ ድረስ ቀፎዎቹን ሌባ አራቁቷቸው ነበር።

መንገደኛው ሸለቆው ድረስ ሄደ። ማር ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ አየው፤ ግባ አላለውም።

«እኔ በላይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ።»

«እንዳትሞክራት ብዬሃለሁ።»

«ብለኸኛል።»

«እንግዲያው ደህና ሁን» አለና በሩን ዘጋ።

ብቻውን ወደ ወንዙ ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ከፏፏቴው በታች ውሃው ጠቁሮና ረግቶ ተኝቷል፤ ጥልቀቱን ለማያውቅ ሰው እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚረገጥ ይመስላል። ዳር ላይ ሰዎች ያስቀመጡት አበባ ደርቋል። እንደ ጻፈው ቀና ቢል ፏፏቴውን ያየው ነበር፤ ቀና አላለም።

አሳታሚው ዘጠኙንም መጻሕፍት ከገበያ ሰበሰበ። የአንባቢ ደብዳቤ ግን አልተቋረጠም። ያ ምንጭ እውነት አለ ወይ? በዚያ ገደል ጫፍ ሄደውበታል? ልጆቼን ይዤ ልሄድ ነበር፣ ምን ይሉኛል? መንገደኛው ለእነዚህ ሰዎች መልስ ለመስጠት ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ያላየውን ቦታ ሁሉ በቀይ እርሳስ ያሰምርበታል። አንዳንዱን አይቶት ይሁን አሳምሮት ብቻ እሱም አያውቅም፤ እሱንም ያሰምርበታል።

ሚስቱ በዚያው ወር እህቷ ቤት ገባች። በሳምንት አንዴ እየደወለች በልተሃል ወይ ትለዋለች፤ በልቻለሁ ይላታል። አሁን አራተኛው መጽሐፍ ላይ ደርሷል።