ድልድዩ ላይ ያለችው ነጥብ

የቢሮውን ስልክ ሳነሳ ድምፁን ወዲያው አወቅኩት።

«ሚጢ ድልድዩ ላይ ናት። መንገዱ ተዘግቶባታል፤ ምነው በሌላ በኩል ብትልኪያት?» አለኝና ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ክው አልኩ። ሚጢ ታናሽ እህቴ ናት። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጥርሷን ያወለቀው የድሮ ባሏ ነው። ጥላው ከወጣች ወዲህ የት እንደምታድር የምናውቀው እኔና እናታችን ብቻ ነን። እቃ ማድረሻ ድርጅታችን ውስጥ ሹፌር ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ፤ መኪኖቹን የማሰማራውም እኔው። ስክሪኑን አየሁ። ካርታው ላይ «ሚጢ» የሚለው ነጥብ እውነትም ድልድዩ ላይ ቆሟል። እኛ ጋ መኪና በታርጋ አይጠራም፤ በሹፌሩ ቅጽል ስም ነው።

ደወልኩላት። አታነሳም። እየነዳሽ ስልክ እንዳትነኪ ብዬ ያስማልኳት እኔ!

«ይደርሳል!» ብዬ ጮህኩ።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው። ምን ብትጠይቀው መልሱ «ይደርሳል» ስለሆነ ስሙ ሆኖ ቀረ። እየሮጠ መጣ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለደንበኛ የምንልከው ሊንክ...» አለ። እቃ ያዘዘ ሰው መኪናው የት እንደደረሰ የሚያይበትን ማለቱ ነው። ስልኩ ላይ አንዱን ከፈተና መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ቀየረ። የሌላ ሹፌር መኪና መጣ። ደግሞ ቀየረ። ሚጢ መጣች። የይለፍ ቃል የለ፣ ማነህ ባይ የለ።

«አንድ እቃ ካዘዘ ይበቃዋል» አለ። «ሶፍትዌሩ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። የሠሩት ሰዎች ቀዳዳ እንዳለው ለሁሉም ተናግረው መድፈኛውን አውጥተው ነበር። እኔ ነኝ...»

«ይደርሳል ያልከው!»

አንገቱን ደፋ። ላንቀው ምንም አልቀረኝ።

«በል አሁን ድፈነዋ!»

«አዲሱን መጫን ጊዜ ይፈልጋል። ቶሎ የሚሆነው ሁሉንም መዝጋት ነው።»

አለቃችን ከክፍሉ ብቅ አለ። «የምን መዝጋት? ደንበኛው ሁሉ እቃውን እየተከታተለ! በስልክ ይጨርሱናል እኮ!»

«ይጨርሱን!» አልኩት። እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም።

ግን ከዘጋነው እሱ አያያትም፤ እኔም አላያትም። ነጥቧ ከድልድዩ ወርዶ ወደ አበባ መሸጫዎቹ ታጠፈ። እዚያ መንገዱ ጠባብ ነው፤ መኪና ከእግረኛ እኩል ነው የሚሄደው። እዚያ ቢጠብቃትስ? እኔስ እዚህ ቁጭ ብዬ ባየው ምን ላደርግላት ነው?

«ዝጋው» አልኩ።

ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ሰው እንልካለን አሉኝ። ከዚያ የደንበኞቹ ስልክ መጮህ ጀመረ፤ አለቃችን አንዱን አንስቶ ይቅርታ ሲል ሌላው ይጮሃል። እኔ ባዶውን ስክሪን አፍጥጬ አያለሁ። ወይኔ እህቴን! እኔው አስቀጥሬ እኔው ላስበላት?

«ትደርሳለች» አለኝ ባለሙያው በቀስታ።

«አንተ ዝም በል! ዛሬ ያንን ቃል እንዳልሰማ!»

ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። በሩ ላይ ጥሩምባ ተነፋ፤ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ። እንደዚያ የምትነፋው እሷ ብቻ ናት። ወንበሩን ገልብጬ ወጣሁ።

ሚጢ ከመኪናው ወረደች። ከንፈሯ ደርቋል።

«አየሁት» አለችኝ። «አበባ መሸጫው ጥግ ቆሟል። ስልኩን ይነካካል፣ ያራግፋል፣ በመዳፉ ይመታዋል። አጠገቡ ነው ያለፍኩት። ቀና እንኳ አላለም።»

«አልፈራሽም?»

«መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። በኋላ ግን እህቴ እያየችኝ ምን እሆናለሁ አልኩ።»

አቀፍኳት። ያን ሰዓት ምንም እያየሁ እንዳልነበር ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። ውስጥ ባለሙያው ጀርባውን ሰጥቶን መድፈኛውን መጫን ጀምሯል።