እስከ ጂሎ ድረስ

ነገሪ ልጄን «ማደጎ» ያለው በራሴ ሳሎን ተቀምጦ፣ እኔው የቀዳሁለትን እርጎ እየጠጣ ነው። ዓይኑን በጨው አጥቧል። ነገሪ የሟቹ ባሌ የለታ ታናሽ ወንድም ነው። ለታ በሕይወት እያለ ይህችን ቃል ከአፉ አውጥቶ ቢሆን ኖሮ ጥርሱን ባስለቀመው ነበር።

እኛ ዘንድ ጉዲፈቻ የሚባለው የከተማ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ የሚፈርመው ወረቀት አይደለም። ልጄን ኢሉን የወለደችው ከደቡብ መጥታ እኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር ልጅ ነበረች፤ ከወሊድ ሳትነሳ ቀረች። ለታ ሕፃኑን ታቅፎ የጎሳው ሽማግሌዎች ፊት ቆመ። እነሱም መረቁት፣ ስም አወጡለት፤ እኔ መሀኗም ወተት የሌለውን ጡቴን አጎረስኩት። ከዚያ ወዲያ ኢሉ የለታ ልጅ ነው፣ አለቀ። ልጁም ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል፤ ነገሩን ማንሳት ግን ነውር ነው።

ኢሉ አድጎ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ በርና መስኮት የሚበይድበት ቤት ከፈተ፤ መካኒሳ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራውን ሴናን ወደደ። እኔም ወደድኳት። ስትስቅ የማታፍር፣ ስትናደድ የማትደብቅ ልጅ ናት። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ስለሆኑ ስልክ ተለዋወጡ፣ ፎቶ ተለዋወጡ፣ የየት ሰፈር ልጅ ነህ፣ የየት ሰፈር ልጅ ነሽ ተባባሉ፤ ጎሳ መጠየቅ ግን አንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። አያቶቻቸው ቢሆኑ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት እሱን ነበር።

ሽማግሌ ስንልክ የሴና አባት ኦቦ ፈየራ እንደ ወጉ አባቶቹን ቆጠረ። ጂሎ ላይ ሲደርስ የእኛ ሽማግሌዎች ፊታቸው ጠቆረ። የለታም ዘር ወደ ላይ ሲቆጠር ጂሎ ላይ ይደርሳል። እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባም፤ ስለዚህ ምሳውን ሳይበሉ ተነስተው መጡ። ልጄ እጮኛውን ሊያገባ ነግቶለት፣ እህቱ ሆና መሸችበት።

ነገሪ የመጣው በሳምንቱ ነው፤ መፍትሔ አለኝ ብሎ። ኢሉ ማደጎ አይደለም ወይ፣ ደሙ ከጂሎ ደም ምን አገናኘው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «የለታ ልጅ አይደለሁም» ቢል ማን ይከለክለዋል አለኝ። ኦቦ ፈየራንም አነጋግሮታል፤ ልጁ በራሱ አፍ ካለ እሺ ብሏል። ነገሪ ይህን ሁሉ የደከመው ለፍቅረኞች አዝኖ እንዳይመስላችሁ። ለታ ልጅ ከሌለው ላሞቼ የሚያድሩባት ቁራጭ መሬት ወደ ወንድም ትዞራለች። ከእርሻችን የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ዙሪያዋን ፎቅ ከቧታል። ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቄ ውጣልኝ አልኩት።

ወጣ። ነገሩ ግን አብሮት አልወጣም። ኢሉ እህል አልቀምስ አለ። ሴና ስትደውል ስልኩን ይዞ ላሞቹ ዘንድ ይሄድና ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። እኔም በንዴት ተንገብግቤ ተንገብግቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ። «የለታ ልጅ አይደለም» የምትለዋን ቃል እሱ ከሚላት እኔ እላታለሁ። እናት ከተናገረች ልጅ አባቱን አልካደም። ለታም ከፈለገ እዚያ ስንገናኝ ይውቀሰኝ።

ብስራተ ገብርኤል፣ ኦቦ ፈየራ ቤት ተሰበሰብን። ነገሪ ሙሽራው እሱ ይመስል ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ሴና ከሴቶቹ ጋር ናት፤ ከኢሉ ፊት ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ኢሉን አስነሱና አባቶቹን እንዲቆጥር ጠየቁት። ማን ብሎ ይጀምር ይሆን ብሎ ቤቱ ሁሉ አፍ አፉን አየ።

እኔም ተነሳሁ። ከእሱ በፊት የምናገረው አለኝ አልኩ። ኢሉ ዞር ብሎ አየኝ። ምን ልል እንደሆነ ገብቶታል።

«እማዬ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ቆጠረ። «ኢሉ ለታ በዳኔ ጉተማ ዋቆ ጂሎ።»

አልተንተባተበም። ለታ በልጅነቱ ያስጠናውን አንዱንም አልሳተም። ነገሪ ጫማውን ያይ ጀመር። ኦቦ ፈየራ፣ እንግዲህ ሴና እህትህ ናት አለው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ኢሉን መረቁት። ልጄን አፍርሰው ሲያበቁ መረቁት። አንዷ ሴትዮ ጨዋ አሳድገሻል ብላ ጉልበቴን ነካች፤ እጇን ገፋሁት።

ተናድጃለሁ። በነገሪ ተናድጃለሁ። የት እንደተቀበረ እንኳ በማላውቀው በጂሎ ተናድጃለሁ። ከሁሉም በላይ በኢሉ ተናድጃለሁ። የሞተ ሰው ቢክዱት አይቀየምም፤ ሴና ግን በሕይወት እፊቱ ተቀምጣ ነበር። ግቢው ውስጥ ክንዱን ይዤ ይህንኑ ነገርኩት። ለታ አንተን ሲታቀፍ ማንንም አልጠየቀም፣ አንተም ስትኖር ማንንም አትጠይቅ ነበር የምልህ አልኩት።

ሴና ልትሰናበተን ወጣች። ኢሉን በእጇ ብቻ ጨበጠችው፤ ከእንግዲህ መሳሙም ሊከብዳት ነው። እኔን ግን አቀፈችኝ። እያለቀሰች አልነበረም። ከንፈሯ ከጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ሲቆጥር እሱን ትቼ እርስዎን አየሁ» አለችኝ። «‹ኢሉ ለታ› ሲል ደስ ብሎዎት ነበር።»

አልካድኩም። ደስ ብሎኝ ነበር።