መሀሉን ብቻ የሚያጠራው ሌንስ

ጅራታ ሌንሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «የጀርመኑን ግማሽ ዋጋ ነው። እስከ ሰኞ ሞክረው፤ ወይ ትገዛዋለህ ወይ ትመልስልኛለህ» አለኝ። ጅራታ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ጨውን ስኳር ነው ብሎ ከመሸጥ አይመለስም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ መረመርኩት።

መቱ ላይ ፎቶ አንሺው ምንዳዬ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ቤቴን ያሳያችኋል። ዘንድሮ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከዚህ አገር ክረምት ጋር ስጣላ አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው። ርጥበቱ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ ጨለማው ደግሞ በቀትር እንኳ ቤት ውስጥ ፎቶ አያስነሳም። የፍላሽ አምፑል የጫነው መኪና በደሌ ከተማ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ ከተባለ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ብርሃን በደንብ የሚያስገባና በጠባብ ቤት ውስጥ ሰውን ሁሉ የሚያካትት ሰፊ ሌንስ ለእኔ ቅንጦት አይደለም፤ እንጀራዬ ነው።

መጀመሪያ ወደ መስኮት ይዤ አየሁት፤ ሻጋታ የለውም። ቀጥሎ ካሜራዬ ላይ ገጠምኩት። ካሜራዬ በትንሿ መስኮቱ ስታዩ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያሳያል፤ ቀለበቱን አዙራችሁ ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ ሲያርፉ ሰውየው ይጠራል። እዚህም ላይ አላታለለኝም። በመጨረሻ ግድግዳዬን ከዳር እስከ ዳር አሮጌ ጋዜጣ ለጥፌበት፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍቼ አነሳሁ። መሀል ያለው ፊደል አንድ በአንድ ይነበባል። ዳር ያለው ግን ቅቤ የፈሰሰበት ወረቀት ሆኖ ወጣ። ቀዳዳውን ሳጠብበው ዳሩም ይሻሻላል፤ ታዲያ ብርሃኑ ከየት ይምጣ?

«ይኼን ለጅራታ መልሼ ነው የምወረውርለት» አልኩ።

ባለቤቴ መንበረ ፎቶዎቹን አይታ ሳቀች። «በግማሽ ዋጋ ምን ጠብቀህ ነበር? አንተስ ከዳር እስከ ዳር ጥሩ ነህ?» አለችኝ። 

ቅዳሜ ዕለት የእትዬ ኡርጌ ልጅ ዓያንቱ መጣች። ባሏ ያደታ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ወደ ሐረር ተዛውሮ ሰኞ ጠዋት ሊሄዱ ነው። እናቷ ሳይለያዩ ሁሉም ያሉበት አንድ ፎቶ ይነሳልኝ ብለዋል። እትዬ ኡርጌ ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ቤታቸው ደግሞ አንዲት መስኮት ብቻ ነው ያለው። በአሮጌው ሌንሴ የማይሆን ሥራ ነው። እያጉረመረምኩ የጅራታን ሌንስ ይዤ ሄድኩ።

ስደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ያደታ ከዚያ ቤት ካገባ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በአገሩ ደንብ አማቹ አማቱን በስም አይጠራም፣ አጠገባቸው አይቀመጥም፣ ፊት ለፊት አያያቸውም። እሳቸውም እሱ ሲገባ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። ስለዚህ እሳቸው በአንዱ ጥግ፣ እሱ በሌላው ጥግ ተቀምጠው ጠበቁኝ። መሀል ያለው ባዶ በርጩማ ነው። ይኼ ሌንስ የሚያጠራው ደግሞ ያንን በርጩማ ነው።

«እትዬ፣ የቤቱ ትልቅ እርስዎ ነዎት፤ መሀል ይሁኑ» አልኳቸው። «ይኼ ሌንስ መሀሉን እንጂ ዳሩን አያጠራም።»

«ዳር ያለው አይታይም?»

«ይታያል፤ ግን ይደበዝዛል።»

 እሳቸውም «ዓያንቱ፣ ባልሽን ይዘሽ እስኪ በረንዳው ላይ ቆዩ» አሉ። ሁለቱ ሲወጡ እትዬ ኡርጌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ ምንዳዬ። ልጄን ሰጥቼው ሰባት ዓመት፣ ፊቱን አላውቀውም። ድምፁን አውቃለሁ፣ ጫማውን አውቃለሁ። ወገቤ የተሰበረ ዕለት አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ያኔ እንኳ በነጠላ ተሸፍኜ ነበር። አሁን ሐረር ሊሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ እስኪመለስ እቆያለሁ ማለት ዘበት ነው። ሰውየውን ማየት ነው ነውሩ። ወረቀት ባይ ማን ምን ይለኛል?»

«ታዲያ የሱን ብቻ አንሳልኝ አይሉኝም ነበር?»

«የአማቿን ፎቶ አስነሳች ልባል? አብደሃል። እሱ ከሚስቱ ጋር መሀል ይቀመጥ፤ እኔ እዚሁ ጥጌ ላይ ነኝ።»

«እናት ዳር አስቀምጬ? እርስዎ እኮ አይለዩም።»

«እኔን ማን ሊያየኝ? የማየው እኔ ነኝ።»

 ክርክሬን ትቼ ባልና ሚስቱን ጠራሁና እሳቸው እንዳሉት አነሳሁ። ያደታና ዓያንቱ ወጥተው ሲሄዱ ፊልሜ ላይ አንድ ቀርቶኝ ነበር። ሌንሱ ለአንድ ሰው ፊት እንዴት ነው ብዬ እትዬ ኡርጌን እዚያው ጥጋቸው ላይ መሀል አድርጌ አነሳኋቸው። ነጠላቸው ወርዷል፤ የሚያዩት እሱ የወጣበትን በር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፎቶውን ወሰድኩላቸው። መስኮቱ ዘንድ ይዘው ብዙ አዩት። «ለካ አገጩ ላይ ጠባሳ አለው» አሉ። «በልጅነቱ ወድቆ ይሆናል። ማን አነሳው ይሆን ያኔ?» ከዚያ በኋላ እኔ መኖሬንም ረሱት።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ያደታ በሬ ላይ ቆሟል። ለእነሱ ያወጣሁላቸውን ቅጂ በፖስታ ይዟል፤ አውቶቡሱ እዚያው ማዶ ሞተሩን አስነስቷል።

«ጋሼ፣ ፎቶው ጥሩ ነው። ግን…» አለና ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ግን ምን?»

«እርሳቸው ደብዝዘዋል።»

«ሌንሱ ርካሽ ነው፤ ዳሩን አያጠራም። ነግሬያቸዋለሁ።»

«እንዲያው እርሳቸው መሀል የሆኑበት የለም? እናቴን ሳላውቃት ነው የሞተችው፤ እናቴ እርሳቸው ናቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ግን ፊታቸውን አላየሁም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ እኔ ለሌንስ ሙከራ ነው ያነሳሁት እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር የሰነበትኩት። መሳቢያዬን ከፍቼ ያንን የእሳቸውን ፎቶ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ፤ ዓያንቱ በመስኮት ብቅ ብላ ተጣራች። እሱ አልሰማም።

«የዓያንቱ ዓይን የሳቸው ነው ለካ» አለ።

ሮጦ የተሳፈረው አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው።

ረፋዱ ላይ ጅራታ መጣ። «እህ፣ እንዴት አገኘኸው?» አለኝ።

«ዳሩ ደብዛዛ ነው» አልኩት። ዋጋውን ግን አልተከራከርኩም።